የሁሉም የመጀመሪያ ፈረስ

የወንድሜ ሚስት አጭር ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ነው። ወንድሜ ባገባት ሰሞን እግሯ እርካብ ላይ እንደማይደርስላት አየና ከጋጣው በር አጠገብ ሁለት ደረጃ ያለው መወጣጫ ድንጋይ በሲሚንቶ አቆመላት። "ሰው ለሚስቱ ቀለበት ይሰጣል፤ ድንጋይ የሰጠ ባል አንተን አየሁ" አልኩት። እሱ ሳቀ። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ቁልቁል አየችኝና ከላይ ሲታይ ፀጉሬ እንደሳሳ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፈረስ አልወድም፣ ፈረስም አይወደኝም። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ግን ብቻዋን ስትንገላታ ማየት አላስቻለኝምና ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ወደ ግቢዋ እሄድ ነበር። ስልክ አነሳለሁ፣ የመጣውን ሰው እቀበላለሁ፣ የተቀደደ የኮርቻ ግላስ እሰፋለሁ። ሰው ሁሉ አሰልጣኟ ይላታል፤ እኔም ለሰው ሳወራ እንዲሁ እላታለሁ። የማወራው ስለ እሷ ነው፤ ስለ እሷ ለማውራት ግን ከጋሼ መጀመር ግድ ነው።

ጋሼ ፈረስ ነው። ግንባረ ቦቃ ዳማ ፈረስ። ስሙን ያወጡለት ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሰው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። አንድ ልማድ ነበረው። የመኪና ድምፅ ከበሩ ሲሰማ ማንም ሳይጎትተው ሄዶ መወጣጫው ድንጋይ አጠገብ ግራ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ሰው ሊወጣበት እጁን ጀርባው ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ፣ ክብደቱ እንዳያንገዳግደው አራት እግሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ይተክላል። ይህን ያስተማረው ወንድሜ ነው፤ ያስተማረውም ለእሷ ብሎ ነው።

ወንድሜ ሲታመም አልጋውን በጋጣው በኩል ወዳለው መስኮት አዞርንለት። ሊሞት ሰሞን ጠራትና፣ ጋሼን ለነጋዴ እንዳትሰጪብኝ፣ እዚሁ ያርጅ አላት። እሺ አለችው። ሌላ የጠየቃት ነገር የለም። ስለ እህቱ ስለ እኔ እንኳ አንድ ቃል አላነሳም፤ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ፈረስ ግን በእሺታ አይቀለብም። ወደ ግቢው የሚመጣው ሰው ፈረስ መጋለብን እንደ ሰርግ የሚያይ ነበር፤ አንዴ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ደስ አለህ ስንለው እንዴታ ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ድምፁም የለ። ጋጣው ባዶ በዋለ ቁጥር የፈረስ ነጋዴው መንገድ አገኘሁ እያለ ብቅ ይልና በአጥሩ ላይ ተደግፎ ጋሼን ከጥርሱ እስከ ጭራው ይመለከተዋል። እሷ ሰላምታውን ትመልስና ወደ ውስጥ ትገባለች። ሌሎቹን ፈረሶች አንድ በአንድ ሸጠች፤ ሦስት ቀሩ። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን፤ ስሙን ግን አንጠራም።

ነገሩ የተለወጠው በፀጉር አስተካካዩ ምክንያት ነው። ይህ ሰው ውሻ ይፈራል፣ በረሮ ይፈራል፣ ምላጭ ብቻ ነው የማይፈራው። ሚስቱ ገፋፍታው አንድ ቅዳሜ መጣ፤ ጋሼ ላይ ወጥቶ ሜዳውን ሁለቴ ዞረና ሲወርድ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጠፋ። አሰልጣኟ መንገድ ላይ አግኝታው ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ ወዶ እንዳልቀረ ከነገራት በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፦ "ብመጣስ ማን ያየኛል፣ ብቀርስ ማን ይፈልገኛል?"

ከእሱ ተለይታ በቀጥታ ሱቄ መጣች። የምተኩሰውን ሱሪ ከእጄ ወሰደችና "እትዬ፣ ሰው ለራሱ ብሎ አይመጣም፤ የሚጠብቀው ሰው ካለ ግን ይመጣል" አለችኝ። እኔ ያሰብኩት ስለ ሱሪው ነበር፤ ካውያው እንደጋለ ነው። እሷ ግን ነገሩን ጨርሳው ነው የመጣችው።

በአካባቢያችን ባሉት ከተሞች ከእሷ ሌላ አራት ጋጣዎች ነበሩ። ሁሉም እንደ እሷ ሰው የራቃቸው፣ ሁሉም ሰው የወሰደብኝ ያኛው ነው ብለው የሚኮራረፉ። ጡረተኛው መቶ አለቃና ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ እንዲያውም በአንድ ፈረስ ሽያጭ ተጣልተው ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ፊት ይዟዟሩ ነበር። እሷ አውቶቡስ እየተሳፈረች አራቱንም ዞረች። ለመቶ አለቃው፣ ባለወፍጮው "እሱ ድሮ ነው የጋለበው" ብሎዎታል አለችው፤ ለባለወፍጮውም እንዲሁ። መቶ አለቃው ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ብሎ ፎከረ። ሁለቱም ቦርጫቸውን ይዘው ሜዳ ወጡ። ገና ግማሽ ሳይደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ጎን ለጎን ቆሙና ሳል እየቀላቀሉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ለመቀመጥ እምቢ ያለ አልነበረም።

ያወጣችው ደንብ ቀላል ነው። ቅዳሜ አምስቱ ከተሞች በተራ በአንዱ ጋጣ ይገናኛሉ። ጀማሪው ሁሉ ከሌላ ከተማ አንድ የፈረስ ጓደኛ ይሰጠዋል። ቀድሞ የደረሰው የጓደኛውንም ፈረስ ይጭናል፣ የሁለቱንም ልጓም ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። የቀረህ እንደሆነ ያ ሰው ሁለት ልጓም ይዞ፣ ሰው እያየው ተገትሮ ይቆማል። ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር የለም። ለሐኪም ቀጠሮ የሚዘገይ ሰው ለዚህ አይዘገይም። የፀጉር አስተካካዩ ጓደኛ ከባለወፍጮው ከተማ የመጣች ቁጡ አስተማሪ ነበረች፤ አንድ ቀን ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶት ትቶት መጥቷል ይባላል። ሲያደርግ አላየሁም፤ ግን አያደርግም አልልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እንደዚያ ሆነ። አንዱ ጋ ኮርቻ ሲያጥር ከሌላው ይመጣል፣ አንዱ ጋ ገለባ ሲያልቅ ሌላው ይልካል። ቅዳሜ መጋለብ በአምስቱም ከተማ እንደ ገበያ መውጣት የተለመደ ነገር ሆነ። ነጋዴውም መንገድ አገኘሁ ማለቱን ተወ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። መጀመሪያ ቀን የሚመጣ ሰው ይፈራል፤ አንዴ ከደነገጠ ደግሞ ጓደኛ ቀርቶ እናቱ በር ላይ ብትጠብቀው አይመለስም። ለመጀመሪያ ቀን የሚታመን ፈረስ አምስቱም ጋጣ ውስጥ ተፈልጎ የተገኘው አንድ ነው፣ ጋሼ። ሌሎቹ ሲጠይቋት እምቢ ማለት አልቻለችም። እነሱ ኮርቻቸውን ሰጥተዋታል፣ እሷ ምን ብላ ትከልክል? መጫኛ ተጎታች ተገኘና ጋሼ መዞር ጀመረ። ሰኞ መቶ አለቃው ጋ፣ ረቡዕ ባለወፍጮው ጋ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ፤ ቅዳሜ ደግሞ የተገናኙበት ቦታ። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ፍርሃቱ ሲለቀው ወደ ሌላ ፈረስ ይዛወራል፤ ጋሼ ላይ ሌላ አዲስ ሰው ይወጣል። ሄደን ጠይቀን፣ እንዴት ነው ስንል መልሱ አንድ ነበር። ጋሼ ጨዋ ነው፣ ጋሼ እየቆየ እንዲያውም ዝግ አለ፣ ለጀማሪ እንዲህ ነው እንጂ ይሉናል።

እሷ ድሮ በየማለዳው ትጋልበው ነበር። ድንጋዩ ላይ ወጥታ፣ እሱ እግሩን ተክሎ፣ ከግቢው ኋላ ያለውን መንገድ ሶምሶማ ይዘው ሄደው ይመለሳሉ። ስራው ሲበዛ ተወችው። ጧት ስትነሳ ስልኩ ይጮሃል፣ ሰው ከሰው ማጣመር አለ፣ ተጎታቹን ማስያዝ አለ። ጋሼም ቢሆን ቤት የሚያድርበት ቀን አነሰ። ሲመለስ ፊቱን ትዳብሰዋለች፣ ታበላዋለች፣ ናፍቆቷን ትነግረዋለች፤ ጀርባው ላይ ግን አትወጣም፤ ደክሞታል ብላ ታዝንለታለች።

ከዚያ የአምስቱ ከተሞች ትልቅ መሰባሰብ በእሷ ግቢ ሆነ። ሰዉ ሜዳውን ሞላው። ድሮ ሦስት ሰው ሲመጣ ደስ የምንሰኝበት ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። መቶ አለቃው ኮፍያውን አውልቆ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያሰባሰበችው እሷ ስለሆነች ዛሬ ከፊት ሆና ትምራን አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አየኋት፤ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። የወንድሜን ኮርቻ አወጣች። ጋሼ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ገና ከማለዳው ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወጣችበት። እሱም እግሩን ተከለላት።

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ቆመች። ሰዉ ልጓሟን እያስተካከለች መስሎት ጠበቀ። ትንሽ ሶምሶማ እንዲሄድላት በእግሯ ነካ አደረገችው፤ እሱም ታዘዘ፣ ሄደ፣ ደግማ ያዘችው። ከዚያ እንደ ሕፃን በሆዷ ተንሸራታ ወረደች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ዶክተሩን ጥሩልኝ አለች።

የእንስሳት ሐኪሙ እዚያው፣ ከጋላቢዎቹ መሃል ነበር፤ በመቶ አለቃው በኩል የመጣ፣ ቅዳሜ የማይቀር ሰው ነው። ፈረሱ አያነክስም እኮ አላት። "እሱ አይደለም" አለችው። "የጋሼ እርምጃ ይሄ አይደለም።" ዶክተሩ ተንበርክኮ የፊት እግሮቹን ሰኮና በመቆንጠጫ ጫን ጫን አደረገ። አንዱን ሲጫን ጋሼ ቆዳው ተርገፈገፈ። ሌላውንም ሲጫን እንዲሁ።

"በሁለቱም እግሩ እኩል ነው የሚያመው" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። "አንዱን ቢያመው ኖሮ ያነክስ ነበር፣ ሁላችንም እናየው ነበር። ሁለቱንም ሲያመው ማንከሻ የለውም። እርምጃውን ብቻ ያሳጥራል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።"

ዝግ አለ፣ ጨዋ ሆነ እያልን ያመሰገንነው ነገር ሕመሙ ነበር። ጀርባው ላይ የወጣው ሁሉ አዲስ ሰው ነው፤ የዱሮ እርምጃውን አያውቅ፣ ምኑን ከምኑ ያመዛዝን? ያወቀ እንደሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ፈረስ ይሄዳል። አምስት ከተማ ሙሉ ሰው ቅዳሜን ጠብቆ የሚጋልብ ሆነ፤ አዘውታሪ ጋላቢ ያልነበረው ጋሼ ብቻ ነው። እሱን ከጀርባው የምታውቀው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ስልክ ላይ ነበረች። ዶክተሩ ራሱ የመጀመሪያ ቀኑን ያሳለፈው ጋሼ ላይ ነው። "እኔ ከላዩ ሆኜ ስንቀጠቀጥ ስለ ራሴ እንጂ ስለ እሱ አላሰብኩም" አለን።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ስልክ መደወል ሆነ። መቶ አለቃው፣ እኔ ጋ ሲመጣ ከመንገድ ስለሆነ ቀላል ነገር ብቻ ነው የማሠራው፣ የሚያርፈው ባለወፍጮው ጋ አይደለም እንዴ አለ። ባለወፍጮው፣ እኔስ የሚያርፈው አንቺ ጋ መስሎኝ አለ። አምስቱም ጋጣ ይሳሱለት ነበር፤ አምስቱም ጋጣ ቀላል ሥራ ነው የሰጡት፤ አምስቱም እረፍቱን ሌላው ጋ አስበውለታል። ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሲሆን በአንዱ ጀርባ ላይ ተጠራቅሞ ነበር ለካ። ባለወፍጮው ስልክ ላይ ሲያለቅስ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣ አይዞህ፣ ክፉ ሰው የለም እዚህ ውስጥ አለችው። እሷን ያጽናናት ሰው ግን አልነበረም፤ እኔ እንኳ ከንዴቴ የተነሳ አልቻልኩበትም።

ጋሼ አረፈ። ሜዳ ላይ ሳይሆን ለስላሳ አሸዋ ላይ እንዲቆም አደረገች። ልዩ ጫማ ተሠራለት፣ መድኃኒቱን በእጇ ትሰጠዋለች። ክረምቱን እንዲህ ገፋነው። ዶክተሩ በመሣሪያ አንሥቶ ባሳየን ፎቶ ላይ ግን የእግሩ ትንሿ አጥንት ምስጥ የበላው እንጨት መስላለች። አንዳንድ ጧት ተኝቶ ለመነሳት ሲሞክር ያቅተዋል።

ያም ሆኖ ቅዳሜ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ይነሳል። አጭር አጭር እየረገጠ፣ በየእርምጃው እያረፈ ድንጋዩ ጋ ሄዶ ግራ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። የጋጣውን በር ብንዘጋበት በሩን በደረቱ ይገፋል። ቅዳሜውን ወደ ሌሎቹ ጋጣዎች አዛወርነው፤ እሱ ግን የወተት መኪናውንም አይለይ፣ ለእሱም ይወጣል። አንድ ቀን አሰልጣኟ አጠገቡ ሄዳ፣ ግባ ጋሼ፣ ማንም አልመጣም ስትለው ሰማኋት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከድንጋዩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሰው ያማታል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል። ይህን ፊቴ ላይ ያለኝ አንድ ደንበኛዬ ሱሪው ሳይሰፋለት ይዞት ወጥቷል። የቆጡን የተመኘችው ለብብቷ ብላ መሆኑን እሱ የት አውቆ።

ዶክተሩ ጋሼን ከስቃዩ ሊገላግለው የመጣው ማክሰኞ ነው። እሷ ነበረች የጠራችው፤ ያልኳትም የለ፣ የጠየቀችኝም የለ። ጋሼ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ከአሸዋው ተነስቶ ሄዶ፣ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። ዶክተሩ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ወደ ውስጥ እንመልሰው ወይ አላት። ቢያንስ ለስላሳው ላይ ይሁን አላት።

"እዚሁ ይሁን ዶክተር" አለችው። "እዚያ ድረስ በዚያ እግሩ አልጎትተውም።"

ዶክተሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ እሷ ድንጋዩ ላይ ወጣች። አጭር ናት አላልኳችሁም? አንገቱን ለማቀፍ ሌላ መንገድ አልነበራትም። እጇን ጀርባው ላይ ስታሳርፍ፣ ልትወጣበት መሰለው። ያንን የሚያመውን የፊት እግሩን አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ትንሽ ከፈት አድርጎ ተከለ። ክብደቷን ጠበቀ። "አልወጣብህም" አለችው ግንባሯን ጋማው ውስጥ ቀብራ። "ዛሬ አልወጣብህም ጋሼ፣ ተወው።" እሱ ግን እስከ መጨረሻው እግሩን እንደተከለ ነበር።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። እኛ አልጠራናቸውም። መቶ አለቃው፣ ባለወፍጮው፣ ፀጉር አስተካካዩ ከነአስተማሪዋ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ወጣቶችና ሽማግሌዎች። ቀድሞ የደረሰው በደንቡ መሠረት ሁለት ልጓም ይዞ በር ላይ ቆመ፤ የዘገየው ሮጦ ደረሰ። ከአምስቱ ከተማ የቀረ ሰው አልነበረም። ግቢው እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ድንጋዩ አጠገብ ፈረሱን ያቆመም ሆነ ድንጋዩን ረግጦ የወጣ አንድም የለም።

እሷ ከኩሽናው መስኮት አየቻቸው። እኔም ይኸው ሁሉም መጥተውልሻል አልኳት።

"አዎ" አለች፤ ቦት ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ እያለች። "እኔ እኮ ያኔ ያሰባሰብኳቸው ለእሱ ብዬ ነበር፣ እትዬ።"

ከዚያ ሰው እየጠበቃት ነበርና ወጣች።